በብራክፑት የምርጫ ቀን ስለ ወደቀው የፊልሞን ሊንክስ ሪዝ

ታላቁ ድርቅ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ ፖስታ ቤቱ በተዘጋ በሦስተኛው፣ የክሊኒኩ መኪና ወደ ብራክፑት መምጣቷን ባቆመች በአሥራ አራተኛው ወር፣ ከወርኃ ግንቦት በሃያ አንደኛው ዕለት፣ የደቡብ አፍሪካው የካሩ ደረቅ ምድር ውርጭ ለብሶ ባደረበት ማለዳ፣ ዓቃቤ መቀስ ወሊቀ ሸላትያን፣ ክንዱ ዘኢይደክም፣ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎት መቶ ዐሥር ሺህ በግ ሸልተው ከአንድ በቀር ጆሮ ያልቆረጡ፣ እርሱም በጉ ራሱ ስለተንቀሳቀሰ የሆነባቸው፣ ክቡር አጎት ፊልሞን ሊንክስ ከመኝታቸው ተነሥተው፣ ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው፣ ሪዛቸውን በላት ስብ አሽተው፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ሰማይ አቅንተው፣ ፒካፓቸውን ሦስት ጊዜ አስነሥተው በአራተኛው ተነሥታላቸው፣ ወደ ምርጫ ዘመቱ።

ስለዚህ ሪዝ ጥቂት መናገር የጸሐፊው ግዴታ ነው። የበቀለው እሳቸው ወይዘሮ ማግሪታን ባገቡበት ዓመት ሲሆን፣ ለሃያ ሰባት ዓመት መቀስ ጫፉን እንጂ ሥሩን ነክቶት አያውቅም። ሰው በሩቅ ሲመጣ ብራክፑቶች ማንነቱን በአረማመዱ ይለያሉ፤ አጎት ፊልሞንን ግን በሪዛቸው ነበር የሚለዩት፣ ያውም ከጉንጫቸው ግራና ቀኝ አልፎ ስለሚታይ ከኋላቸው ሆነው። በቤተ ክርስቲያን ወንበር ከእሳቸው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው መዝሙር በሚበረታበት ጊዜ ትንሽ ፈቀቅ ይል ነበር።

የዘመቻው ምክንያት ግን ሪዙ ሳይሆን የወይዘሮ ማግሪታ ኪኒን ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸውና፣ የክሊኒኩ መኪና በየሐሙሱ በምትመጣበት በደጉ ዘመን ክንዳቸውን በደጃፋቸው አስለክተው ኪኒናቸውን ይቀበሉ ነበር። መኪናዋ ከቀረች ወዲህ ዘጠና አራት ኪሎ ሜትር ጥርጊያ መንገድ በፒካፕ እየተንገጫገጩ፣ ለአንድ ብልቃጥ ኪኒን አንድ ቀን ሙሉ ይገብራሉ፤ ባለፈው ክረምትም በመንገድ ላይ ራሳቸውን ስተው ነበር። ያን ዕለት አጎት ፊልሞን ሚስታቸውን በጉልበታቸው አስተኝተው፣ ይህችን መኪና ፓርላማ ገብቼም ቢሆን አመጣታለሁ ብለው ማሉ።

መሐላው ጆሮ አገኘ። ዶክተር ሊዮፖልድ አብራምስ የሚባሉ የክፍለ ሀገሩ መዲና የኪምበርሊ የጥርስ ሐኪም፣ የነፋስ መዘውር ፓርቲ የሚባል ትንሽ ፓርቲ መሥርተው፣ ከገጠር ስመ ጥር ሰው ሲፈልጉ ስለ አጎት ፊልሞን ሰምተው መጥተው፣ በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት የዕጩዎች ዝርዝር ላይ ከራሳቸው ቀጥሎ ሁለተኛ አድርገው ጻፏቸው። ሥርዓቱንም አስረዱ፤ ሕዝቡ የሚመርጠው ሰውን ሳይሆን ፓርቲን እንደሆነ፣ የክፍለ ሀገሩ ድምፅ ሁሉ በአንድ ቋት ተደምሮ ሠላሳው ወንበር በየድርሻው እንደሚከፈል፣ ፓርቲውም ባገኘው ወንበር ልክ ከዝርዝሩ አናት ጀምሮ ሰው እንደሚያስገባ። ዶክተሩ ይህን ሁለት ጊዜ አስረዱ፣ አጎት ፊልሞንም ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ራስ መነቅነቅና መረዳት ግን በካሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

እምድኅረዝ አጎት ፊልሞን አራት ወር ሙሉ ከእርሻ እርሻ፣ ከበረት በረት፣ ከመሸለቻ ድንኳን ድንኳን እየዞሩ፣ የፓርቲያቸውን ስም አንድም ቀን ሳያነሡ፣ ይህችን አዋጅ አስነገሩ፦

«ማንበብ መጻፍ አያስፈልግም። ወረቀቱ ላይ ፎቶ አለ። የኔን ፊት ፈልጉ፣ አጠገቡ ምልክት አድርጉ፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። በቃ።»

ለዚሁም ብለው የፓስተሩን ከረባት ተውሰው ከተማ ወርደው ፎቶ ተነሡ፤ ፎቶውንም ለፓርቲው ላኩ። ዶክተሩ ፎቶውን ሲያዩ ምን እንዳሉ አልተጻፈም፤ ፎቶው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። በምርጫ ወረቀት ላይ የሚወጣው የፓርቲው መሪ ፊት ብቻ መሆኑን ከብራክፑት ሰዎች አንድም የሚያውቅ አልነበረም፤ ከሁሉም ይልቅ የማያውቁት አጎት ፊልሞን ነበሩ።

በዚያ ማለዳ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ደጃፍ የተሰለፈው ሠራዊት ይህ ነው። የበከስ ወገን ሠላሳ አንድ ነፍስ፣ እንደ ሀገሩ ልማድ ተራ እንዲይዙላቸው ከዋዜማው ጀምሮ ባስቀመጧቸው ተጣጣፊ ወንበሮች ላይ ተሰይመው፤ የክሉተ ወገን ቴርሞስና ብርድ ልብስ ይዘው፣ ስድስት ውሾችም ተከትለዋቸው፤ የስዋርትቦይ አራቱ እኅትማማቾች፣ በአንድ ብረት ድስት ውርስ ተጣልተው ለአሥራ አንድ ዓመት ያልተነጋገሩ፣ በየመካከላቸው አንዳንድ ገለልተኛ ሰው አቁመው፤ ከእርሻዎቹ በጭነት መኪና የመጡ እረኞች፣ አጥር ሠራተኞችና ጉድጓድ ቆፋሪዎች፤ በስልሳ አራተኛው ስፍራ ወይዘሮ ማግሪታ፣ ካፖርታቸውን ደርበው፤ አጎት ፊልሞንን ጨምሮ በድምሩ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት መራጭ። ሁሉም የመጡት ለፊልሞን ነበር። ምርጫ ድሮ ቀረ ብለው የማሉት አጎት ሳጋርያስ ፒናር ብቻ፣ በሸላችነት ለሃያ ዓመት የአጎት ፊልሞን ሁለተኛ ሆነው የኖሩት፣ ከመንገዱ ማዶ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀዩን ሻይ እየጠጡ ትርኢቱን ይጠብቁ ነበር።

በሩ ሲከፈት የመጀመሪያዋ መራጭ፣ የሰማንያ ሦስት ዓመቷ ባልቴት አክስት ድሪካ በከስ፣ ገብተው ሩብ ሰዓት ቆይተው ወጡ። የጣቢያውን ክልል ከሚያጥረው ገመድ ወዲያ ተሻግረው፣ ፒካፓቸውን ተደግፈው ወደቆሙት አጎት ፊልሞን ቀርበው፣ ወፍራም መነጽራቸውን እየጠረጉ እንዲህ አሉ፦

«ፊልሞን ልጄ፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት፣ የለህም። ያ የነፋስ መዘውርህ ምልክት አጠገብ አንድ ራሰ በራ ባለ መነጽር ሰውዬ ገትረውበታል፣ ሪዝ የለው ጢም የለው። ግን አትጨነቅ። ታች ባዶ ቦታ ስላገኘሁ እኔው ራሴ ሣልኩህ፣ ከነሪዝህ። አጠገብህም ምልክት አደረግሁ።»

ሥዕሉ ያማረ እንደነበር ድምፅ ቆጣሪዎቹ በኋላ መስክረዋል። ድምፁ ግን የተበላሸ ተብሎ ተለየ።

አጎት ፊልሞን ያን ጊዜ ሁለቱን የዶክተሩን ማብራሪያዎች በአንድ ቅጽበት ተረዱ። ሠራዊታቸውን አዩ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሥዕል፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሪዝ ታያቸው። ወደ ገመዱ ሮጠው ወገኖቼ ብለው ሊጀምሩ ሲሉ፣ የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ መምህርት ዌልሚና ብራንድ፣ ባለ መመሪያ፣ ባለ ፊሽካ፣ በሩን ዘግተው ቆሙና እንዲህ ብለው አወጁ፦

«አጎት ፊልሞን፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ሕጉንም አከብራለሁ። ዛሬ እዚህ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ምልክት፣ ስለ ማንም ፊት አንድ ቃል አይነገርም። ሰልፉ የሚሰማው ነገር ከተናገሩ ፖሊስ እጠራለሁ።»

ፖሊሱ ዘጠና አራት ኪሎ ሜትር ርቆ እንደሚኖር ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን የሠፈሩ ግማሽ በልጅነቱ በመምህርት ዌልሚና እጅ ያለፈ ስለሆነ የሚፈራው ፖሊሱን አልነበረም። በዚያም ላይ ከትልልቆቹ ፓርቲዎች የተላኩ ሁለት ታዛቢዎች ጆሯቸውን ቀስረው በሰልፉ መካከል ይመላለሱ ነበርና፣ ወይዘሮ ማግሪታም ቢሆኑ ለጎረቤታቸው ማንሾካሾክ አልቻሉም። በስልክ እንዳይልኩ ብራክፑት ላይ ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ጫፍ ብቻ ነው። አንድ መራጭ ገብቶ ወጣ፣ ሁለተኛው ገባ። አጎት ፊልሞን ወደ ፒካፓቸው ተመልሰው በጎን መስታወቱ ፊታቸውን አዩ፣ ረጅም ጊዜም አዩት። የወረቀቱን ፊት ወደ እሳቸው ማምጣት እንደማይቻል ተረዱ። የእሳቸውን ፊት ወደ ወረቀቱ መውሰድ ግን ይቻል ነበር። እዚህ ላይ እጃቸው ወደ ሪዛቸው ሄዶ እዚያው ቆየ፤ ፈሩ ማለት ስድብ ባይሆን ኖሮ ጸሐፊው ፈሩ ይል ነበር።

ወእምዝ መንገዱን ተሻግረው በአጎት ሳጋርያስ ፊት ቆሙና እንዲህ አዘዙ፦

«ሳጋርያስ፣ መቀስህን አምጣ። ሸልተኝ። ራሴንም፣ ሪዜንም፣ ምንም አታስቀር።»

አጎት ሳጋርያስ ሃያ ዓመት የጠበቁት ሰዓት እንዲህ በራሱ እግር ስለመጣላቸው፣ ምክንያቱን ሳይጠይቁ፣ ሻያቸውን በድንጋዩ ላይ አስቀምጠው፣ የበግ መሸለቻውን ታላቅ መቀስ ከከረጢታቸው መዝዘው፣ በሱፍ እጅጌያቸው ላይ ሁለት ጊዜ አሽተው ተነሡ። ሌላ የመሸለት ዘዴ ስለማያውቁ አጎት ፊልሞንን በመሬት ላይ በቂጣቸው አስቀመጡ፣ ጀርባቸውን በጉልበታቸው መካከል ያዙ፣ አገጫቸውን በግራ እጃቸው ወደ ላይ አነሡ። መቶ ዐሥር ሺህ በግ በዚህ አኳኋን ያስቀመጡት ሰው፣ በጉ ወደየት እንደሚመለከት ያን ዕለት አወቁ። ወደ ሰማይ ነው የሚመለከተው።

መጀመሪያ ራስ ቅሉ ከፀጉር ተራቆተ። ቀጥሎ የሪዙ ቀኝ ክንፍ፣ ከዚያም ግራው ወደቀ። ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስም የሪዙን ቀኝ ክንፍ አንሥቶ፣ መንገዱን አሻግሮ፣ ገመዱን አሳልፎ በሰልፉ እግር ሥር ጣለው። ከታዛቢዎቹ አንዱ ይህን ሲያይ፣ የቅስቀሳ ቁሳቁስ ወደ ምርጫ ጣቢያ ክልል ገብቷል ብሎ አቤቱታውን በጽሑፍ አቀረበ።

ወይዘሮ ማግሪታ በስልሳ አራተኛው ስፍራቸው ቆመው አለቀሱ። ያገቡት ሰውዬውን ከነሪዙ ነበርና። ባላቸው ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ማንም ሳይነግራቸው ገብቷቸዋል፤ ስለ ኪኒናቸውም እንደሆነ ያውቃሉ፤ ስለዚህ አንድ ላይ አዘኑም ኮሩም። ከዚያ እንባቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠርገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሰልፉ ሁሉ ተናገሩ፦

«ባሌ ይሄ ነው። ደህና አድርጋችሁ እዩት።»

ሁለቱም ታዛቢዎች ጮኹ። መምህርት ዌልሚና መመሪያቸውን አውጥተው ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ ማውጫውን ጭምር አነበቡ። በመጨረሻም መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ፈረዱ፦

«ሚስት ባሏን እንዳታስተዋውቅ የሚከለክል አንቀጽ የለም። ፀጉርም ፓርቲ አይደለም። ያንን ሪዝ ጥረጉትና ሰልፉ ይቀጥል።»

መረዳት ከፊት ወደ ኋላ በሰልፉ ላይ ተራመደ። አንዱ በክርኑ ሌላውን ይጎስማል፣ ሌላው አጎት ፊልሞንን አይቶ ይነቀንቃል። የስዋርትቦይ ታላቅ እኅት አንገቷን አስግጋ ገለልተኛውን ሰው አልፋ ለታናሿ አየሽው አለቻት፣ ታናሿም አየሁት ብላ መለሰች፤ በአሥራ አንድ ዓመት የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነበር፣ ግን ተነጋገሩ። አክስት ድሪካም የምርጫ ሥራቸውን ስለጨረሱ መነጽራቸውን አውልቀው በአጎት ፊልሞን አፍንጫ ላይ ሰኩት። ሥዕሉ ሙሉ ሆነ።

እንዲህ ሆነው አጎት ፊልሞን በፒካፓቸው የዕቃ መጫኛ ላይ ቆመው፣ ባዶ ራሳቸውን ለውርጩ ነፋስ ሰጥተው፣ በአክስት ድሪካ መነጽር ከጉም በቀር ምንም ሳያዩ፣ ሁለት ጊዜ ለስልክ እንጨት ሰላምታ እየሰጡ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እስከ ቀትር ጸኑ። ሠራዊታቸውም እያየ ገባ፣ እየሣቀ ወጣ።

የመጨረሻው መራጭ ራሳቸው ነበሩ። መነጽሩን መልሰው፣ መዝጋቢዋ የእኅታቸው ልጅ የመታወቂያቸውን ፎቶና ፊታቸውን ሦስት ጊዜ አመሳክራ በትዝብት አሳልፋቸው፣ ወደ መምረጫው ጥግ ገብተው ረጅሙን ወረቀት ዘረጉ። የነፋስ መዘውሩን አገኙ፤ ዶክተር አብራምስም አጠገቡ ነበሩ፣ ራሰ በራ፣ ባለ መነጽር። ከዚያ ዓይናቸው አራት ረድፍ ወደ ላይ ወጣ። እዚያም ራሰ በራ ባለ መነጽር ሰው አለ፤ የቁልፍ ፓርቲ መሪ፣ በአፒንግተን የመንጃ ትምህርት ቤት ያላቸው አቶ ሬጂናልድ ጆናስ። ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። ሦስተኛ ራሰ በራ። አጎት ፊልሞን ጠረጴዛውን ይዘው ቆሙ። ምልክታቸውን በትክክለኛው ስፍራ አድርገው፣ ወረቀቱን አጥፈው በሣጥኑ ከትተው ወጡ፤ ወይዘሮ ማግሪታ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቋቸውም ደህና ነው አሉ። ያን ነገር ሦስት ቀን ብቻቸውን ተሸከሙት።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ሠፈሩ በሱቁ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ሰማ። የብራክፑት ድምፅ ለነፋስ መዘውር መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ለቁልፍ ፓርቲ ሃምሳ ሁለት፣ ለሦስተኛው ራሰ በራ አሥራ ሰባት፣ በስህተት ለሌሎች አራት፣ የተበላሸ አንድ። በክፍለ ሀገሩም ሙሉ ድርሻ ለሞላላቸው ሁሉ ወንበር ከታደለ በኋላ አንዲት ወንበር ቀርታ፣ ትርፍ ድምፁ ለሚበልጥ ፓርቲ ልትሰጥ ሆነ። ትርፍ ድምፅ ይዘው የቀረቡት ሁለቱ፣ ለሁለተኛ ወንበሩ የነፋስ መዘውር፣ ለመጀመሪያው የቁልፍ ፓርቲ ነበሩ። የቁልፍ ፓርቲ በሠላሳ አንድ ድምፅ በለጠ። ዶክተር አብራምስ ብቻቸውን ገቡ፤ አቶ ጆናስም ገቡ። ሃምሳ ሁለቱ ድምፅ የት እንደነበረና የት መሆን እንደነበረበት ለማስላት የመምህርት ዌልሚና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ይበቃ ነበር። አጎት ሳጋርያስ ብቻ፣ መቀሴ አልሳተም፣ የሳተው ሕዝቡ ነው ብለው ክብራቸውን አስጠበቁ።

አጎት ፊልሞን አፈሩ። ሪዛቸውን ሰውተው ያላዩትን ሰው ፓርላማ አስገቡ፤ ሚስታቸው በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና በፒካፕ ይንገጫገጫሉ። ይህን ሁሉ ለወይዘሮ ማግሪታ ሲነግሩ ወይዘሮዋ ከሱፍ የሠሩትን ቆብ አምጥተው በባዶው ራስ ላይ አጠለቁላቸውና ጆሯቸውን ሸፈኑላቸው።

በሁለተኛው እሑድ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ አንዲት ነጭ መኪና አቧራ ለብሳ መጥታ ቆመች፤ ከውስጧም ራሰ በራ ባለ መነጽር ሰው ወረደ። አክስት ድሪካ ቀረብ ብለው፣ ፊልሞን ወፍረሃል እኮ አሉት። ሰውዬው ግን አቶ ሬጂናልድ ጆናስ ነበሩ፤ ከትውልድ ከተማቸው በቀር በክፍለ ሀገሩ ሁሉ በአንድ ጣቢያ ይህን ያህል ድምፅ የሰጣቸው ስላልነበረ ሊያመሰግኑ፣ ከማመስገንም ይልቅ ሊጠይቁ መጡ።

«እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ ረግጬ አላውቅም። ሃምሳ ሁለት ሰው የመረጠኝ ለምንድን ነው?»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ አጎት ፊልሞን ዞረ። እውነቱን ቢናገሩ ሰውዬው ሥቀው፣ ለወዳጆቻቸው የሚያወሩት ተረት ይዘው ይመለሱ ነበር፤ አጎት ፊልሞንም ወንበራቸውን በወሰደው ሰው ፊት ሁለተኛ ይላጩ ነበር። ሊቀ ሸላትያን ግን ቆባቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ፊታቸውን እንደ ፓስተር አክብደው መለሱ፦

«በቃልዎ አምነን ነው፣ ጌታዬ።»

«በየትኛው ቃሌ?»

«የክሊኒኩን መኪና በየሐሙሱ አመጣላችኋለሁ ያሉትን ነዋ።»

አቶ ጆናስ በአራት ወር ውስጥ በብዙ ከተማ ብዙ ቃል ገብተዋልና በትዝታቸው ቢበረብሩም ይህን ቃል አላገኙትም፤ ቃል አልገባሁም ብለው ለመማልም ድፍረት አጡ። ወደ ሕዝቡ አዩ። አክስት ድሪካ ራሳቸውን ነቀነቁ። አራቱ ስዋርትቦዮች ነቀነቁ። በትክክል የመረጡት መቶ ሠላሳ ዘጠኙም ሳይቀሩ ነቀነቁ። ለሕግ አክባሪነታቸው ታዛቢ የማያስፈልጋቸው መምህርት ዌልሚና ጫማቸውን አዩ። ከእሳቸው ሌላ ያልነቀነቁት ወይዘሮ ማግሪታ ብቻ ነበሩ፤ በመሐረባቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበርና፣ አቶ ጆናስ የሚያለቅሱ መሰላቸው። ይህም ጨረሳቸው። ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ሐሙስ ብለው ጻፉ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመሩ።

በኪምበርሊም የመጀመሪያ ንግግራቸው ስለ ብራክፑት ሆነ። ብራክፑት የት ነው ብለው የጠየቁ ነበሩ። ዶክተር አብራምስ ግን ከወዲያኛው ጥግ ተነሥተው ደገፏቸው፤ ሁለቱ ራሰ በራዎች ተጋግዘው፣ ደብዳቤ ጽፈው፣ ስልክ ደውለው፣ በቢሮዎች ደጃፍ ተቀምጠው፣ በአምስተኛው ሳምንት ነገሩን ቋጩት።

እንግዲህ ይህ ነው ፊልሞን ሊንክስ፣ ዓቃቤ መቀስ፣ ሠዋዔ ሪዝ፣ በአንድ መላጨት ሁለት ሰው ያሰለፈ፣ ሳይቀመጥ የተናገረ፣ ሳይመረጥ የፈጸመ፤ የካሩ በጎች ሱፋቸውን እስከሰጡ ድረስ ስሙ በብራክፑት ይጠራ። በኪምበርሊ ሠላሳ ሰዎች በሠላሳ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ለወይዘሮ ማግሪታ ቃል የገባላቸው ግን ከሠላሳው ውስጥ አልነበረም። በዚያ በአምስተኛው ሳምንት ሐሙስ ማለዳ የክሊኒኩ መኪና በትምህርት ቤቱ ጥግ ቆመች፣ ወይዘሮ ማግሪታም የመጀመሪያዋ ሆነው ክንዳቸውን አስለክተው፣ የሁለት ወር ኪኒን ተቀብለው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አጎት ፊልሞን በሩቅ እርሻ በግ ሲሸልቱ ስለዋሉ መኪናዋን አላዩአትም።